ከአልጋዎ ጀርባ ያለው ግድግዳ

እትዬ ወለተ ኢየሱስ፣

ከጠበል ሲመለሱ አልጋዎ ላይ እንዳይተኙ። የኔው ላይ ይተኙ፤ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። ቡሬ ሥራ አግኝቼ መሄዴ ነው፤ ባጃጁ በር ላይ እየጮኸ ነው።

ከአልጋዎ ጀርባ ያለው ግድግዳ እስከ ትራስዎ ድረስ ሻግቷል። ጠበል ሲሰነብቱ ደረትዎ ይከፈታል፣ እዚህ ሦስት ሌሊት ሲያድሩ ሳልዎ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ጠይቄ ነበር። «አስም ያለበት ሰው ሻጋታ ሥር ይተኛል እንዴ?» አሉኝ።

እርስዎ አይንኩት። በደረቁ ከተፋቀ ብናኙ ይነሣል። የአከራያችን ልጅ ገነነ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በርና መስኮቱን ከፍቶ በሳሙና ውኃ ይጠበው። በረኪና ካመጣ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይቀላቅል። ፍራሹ ይጣል። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ካልተደፈነ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። በአፍ የሚስቡትንም መድኃኒት እንዳያቋርጡ።

ክረምቱን ሙሉ «ብርድ ይገባል» እያሉ በሩን ዘግተው እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ ሲያሰጡ ዝም ብያለሁ።

ዝም ያልኩት ግን እሱን ብቻ አይደለም። እርስዎ አብረውኝ ሊኖሩ ከመግባትዎ በፊት ሻጋታውን አይቼ ኖራ ቀባሁበት። በመስኮቱ በኩል ኔትወርክ ስለሚይዝ ደረቁን ጥግ ለራሴ አደረግሁ።

ማንበብ ስለማይሆንልዎት ቁልፉንም ወረቀቱንም ለጎረቤታችን ለሀብትነሽ ትቻለሁ። «ዓይኗ በላኝ» ብለው ሰላምታ ከነፈጓት ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔም እያወቅሁ «ይሆናል» ብያለሁ።

ሀብትነሽ፣ የሚቀጥለውን ሳትዘዪ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦ ያሳመምኩዎት እኔ ሜላት ነኝ።

ሜላት