ድምፄን የሰማ ዕለት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
እሑድ፣ የካቲት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለአማቴ፣ እናት ለሆኑኝ ለእማማ የዓለምዘርፍ፤

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ብርዱስ? እኔና ናዝራዊት በሕይወት አለን፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ሜሮን፣ ይህን ለእማማ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ፤ እንደ ልማድሽ "ያማቸዋል" ብለሽ እየዘለልሽ እንዳታነቢ። ሁሉንም ይስሙት።

እማማ፣ ደውለው ያጡኝ ኮርቼ አይደለም። መንጋጋዬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ አፌ በሽቦ ታስሯል። ሾርባ በስትሮ እየሳብኩ ነው የምውለው። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ እኔ ዘንድ ከገባ ሁለት ሳምንት አለፈው።

ልጅዎ በፈቃዱ እንዴት እንዳገኘን ልንገርዎት። ልጄን ይዤ ከአሌክሳንድሪያው ቤታችን ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የወጣሁት ስለመታኝ አይደለም፤ መምታቱማ የቆየ ነው። አንድ ጠዋት ጭንቅላቴን ከፍሪጁ በር ጋር ሲያጋጨው ናዝራዊት ቁርሷን እየበላች ነበር። ቀና ብላ አየችንና መብላቷን ቀጠለች። ለምዳው ነበር። በነጋታው ወጣሁ።

እዚህ ናዝራዊት በምትማርበት ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ሥራ አገኘሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ለሐበሻ ወላጆች በየስልካቸው የሚደርሰውን የትምህርት ቤቱን መልእክት በአማርኛ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። "ጤና ይስጥልን። ማክሰኞ ልጆች ፎቶ ይነሣሉ። ጃኬታቸው ላይ ስማቸውን ጻፉ። የተዋሱትን መጽሐፍ መልሱ። ለውዝ ያለበት ምግብ አትላኩ። እባካችሁ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ መኪና አታቁሙ።" ይህችን የመጨረሻዋን በየሳምንቱ እለምናለሁ፤ የእኛ ሰውም በየሳምንቱ እዚያው ያቆማል። ስሜን አልናገርም ነበር። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ልጁ እኛ ጋ የሚማር አንድ ታክሲ ነጂ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ መልእክቱን በስፒከር ከፍቶ ይሰማል። በፈቃዱም በታክሲው ከጎኑ ቆሟል። ስም አላስፈለገውም፤ የዘጠኝ ዓመት ሚስቱን ድምፅ አይስትም። የትምህርት ቤቱን ስም ደግሞ በመልእክቱ መጀመሪያ ራሴው ተናግሬዋለሁ።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ልጆች ሊለቀቁ ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ቆሻሻ ልጥል በጓሮ በር ወጣሁ። መኪናውን አቁሞ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ወረደ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። "ድምፅሽ እንዴት ያምራል" አለኝና አፌን መታኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲረግፍ ተሰማኝ። ስወድቅ ፀጉሬን ጠቅልሎ ይዞ አስፋልቱ ላይ ጎተተኝ፤ ደግሞ ትከሻዬን መታኝ፤ ደግሞ ጎኔን። ልጆችን መንገድ የሚያሻግሩት አቶ ደምሴ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው፣ ቁም የሚለውን ቀይ ምልክታቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡ። "አንተ ልጅ፣ ተው! በእመቤታችን ተው!" አሉት። ግንባራቸውን ፈነከታቸው። እሳቸው ግን በላዬ ተደፍተው አልነሣ አሉ። ደማቸው ፊቴ ላይ እየፈሰሰ፣ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ብረቱን በጀርባቸው ተቀበሉት።

ትምህርት ቤቱ በሮቹን ቆለፈ። እዚህ አገር ልጆቹን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መብራት አጥፍተው፣ ጠረጴዛ ሥር ገብተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ እንዲቆዩ ያለማምዷቸዋል። የናዝራዊት ክፍል በጓሮው በኩል ነው። ሁሉንም ሰምታለች። ሆስፒታል ሲያመጧት "ማሚ፣ አንቺ እንደሆንሽ አውቄ ነበር። በት ኳየት ሆንኩ። ሩሉን ፎሎው አደረግኩ" አለችኝ፤ ዝም ብዬ ደንቡን ጠበቅሁ ማለቷ ነው። እንዳመሰግናት ዓይን ዓይኔን ታያለች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ እማማ።

ስልኬ ላይ የተዉልኝን መልእክት ሰምቼዋለሁ። "ልጄን አታሳስሪብኝ፤ በረዶ አንሸራቶኝ ወድቄ ነው ብለሽ ለዳኛው ንገሪልኝ" ብለዋል። ከተፈረደበት እስሩን ጨርሶ ወደ አገር ሊመልሱት እንደሚችሉ እኔም አውቃለሁ። ልጅዎ ነው፤ አልቀየምዎትም። ግን ከሠርጋችን በኋላ ስድስት ወር እርስዎ ዘንድ ኖሬያለሁ። ግራ እጅዎ ለምን እንደማይዘረጋ ስጠይቅዎት "ከደረጃ ወድቄ ነው" ይሉኝ ነበር። ደብረ ታቦር ያለው ቤትዎ ደረጃ የለውም፣ እማማ። ያኔ ዝም ያልኩት አክብሬዎት ነው። የበፈቃዱ አባት ነፍሳቸውን ይማር፤ እርስዎ ሲመቱ በፈቃዱም የናዝራዊትን ያህል ልጅ ነበር፤ ከአንዱ አልጋ ሥር ሆኖ ሰምቷል ብዬ አስባለሁ። እሱም ዝም አለ። እነሆ ዝምታው ያሳደገውን አየነው።

ሽቦው የሚፈታው መጋቢት 16 ነው፤ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 20። በረዶ አልልም። ያደረገውን አንድ በአንድ እናገራለሁ። ቢጠሉኝ ይጥሉኝ፤ ልጄ ግን እናቷ እንደተናገረች ታውቃለች።

እስከዚያው የሐሙሱን መልእክት እኔ እየጻፍኩ አቶ ደምሴ ይቀዱታል። ግንባራቸው ላይ አሥራ አንድ ስፌት ይዘው፣ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው "ልጆቻችሁን ጓንት አልብሱ" ሲሉ የፍርድ ቀን የመጣ ይመስላል። ወላጅ ሁሉ ጓንት ገዝቷል።

የዚህ ሳምንቱ ማሳሰቢያ፣ ቤተሰብ ሁሉ የአደጋ ጊዜ ካርድ አዲስ ይሙላ የሚል ነው። የእኔንም ሞላሁ። እናት ካልተገኘች ለማን ይደወል ይላል። ወላጆቼ በሕይወት እንደሌሉ ያውቃሉ፤ እዚህም የሥጋ ዘመድ የለኝም። ብዙ አሰብኩና "አያት" ብዬ የእርስዎን ስም፣ የደብረ ታቦር ስልክዎን ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ቁጥሩን አይታ "ይሄ እኮ ሌላ አገር ነው፤ ማን ያነሣል?" አለችኝ። አፌ ስለማይናገር ወረቀት ላይ "ያነሣሉ" ብዬ ጻፍኩላት።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት፤ ጉልበትዎን ይጠግንልዎት። እማማ፣ ከመጋቢት 20 በኋላም ያንሡት።

ልጅዎ፣
አበዛሽ