ከመሬት ሥር የሚሰማ ሞተር

አባ ሀናን፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ያብራልህ። ከተለየኸኝ አራት ወር ከሃያ ሁለት ቀን ሆነ። አራት ወር ከአስሩን በደንቡ የባል ሐዘን ዒዳ ተቀምጬ አሳለፍኩት፤ ከግቢ ሳልወጣ፣ ሳልኳል፣ ማሳውን ከደጃፍ ሆኜ እያየሁ። የቀረውን አስራ ሁለት ቀን ደግሞ ያንተን የውሃ ሞተር ጉዳይ ይዤ ስንከራተት ቆየሁ። ይህን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። በሕይወት እያለህም እኔ ስናገር አንተ ዝም ብለህ ትሰማ ነበር፤ አሁንም ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሀናን ደህና ናት፣ ቁመቷ እኔን ደርሷል። ስጠራት ከየትም ሆና ፈጥና አቤት ትላለች። ትንሽ ከዘገየች እንዴት እንደምሆን ስለምታውቅ ነው። እናትህ ጉልበታቸው እንደዚያው ነው፤ ስምህ ሲነሳ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። የታችኛው ማሳ ጫት ደርቋል። ቅጠሉ ሳይሆን ግንዱ ነው የደረቀው፤ ስትሰብረው ቀጭ ይላል። አንተ ብታየው እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን አታሳድረውም ነበር።

ሞተርህ ማድቤቱ ጥግ ጆንያ ለብሳ ከረመች። ዒዳ ላይ ሳለሁ ውሃ ልቀዳ በወጣሁ ቁጥር ፊት ለፊቴ ናት። ከገለምሶ ያመጣሃት ቀን ትዝ ይልሃል? ያገለገለች ሞተር ገዝተህ፣ በአይሱዙ ጭነህ፣ መንገዱን ሁሉ እንዳትወድቅ ታቅፈህ መጣህ። ከዚያ በኋላ በየማታው ካንዴላዋን ነቅለህ በሽርጥህ ጫፍ ስትወለውል፣ እኔ ደግሞ ጣውንቴን አሳምርልኝ እያልኩ እተርብህ ነበር። እሷ ቢያንስ ገመድ ካልሳቡላት አትጮህም ትለኝ ነበር። ያኔ ስቄ እተውህ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጉድጓዱን የቆፈርክ ሰሞን ውሃው ቅርብ ነበር። ሞተሯ አፉ ላይ ተቀምጣ ትስበው ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ በየማሳው ሲቆፍር ውሃው ሸሸ፣ በየዓመቱ ሸሸ። ሞተር ደግሞ ከላይ ሆኖ የሚስበው ልክ አለው፤ ከዚያ ካለፈ የሚጠባው አየር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው የሰፈሩ ሰው ጉድጓዱ ወገብ ላይ ግንድ እያጋደመ ሞተሩን ወደ ውስጥ ማውረድ የጀመረው። መጀመሪያ እነ ቃሲም አወረዱ፣ ቀጥሎ ጎረቤቶቻቸው። ውሃው ወጣ፣ ጫቱ ለመለመ፣ ሰውም አየ።

አንተም ከወንድምህ ከጀማል ጋር ግንዱን አጋድመህ፣ ሞተሯን በገመድ አወረድካት። ወርዶ ማስነሳቱ ግን ከበደህ። ያን ቀን ጠዋት ጀማል ጫት ይዞ ጭሮ ገበያ ሄዶ ነበር። ወንድሜ ይምጣና አፉ ላይ ቆሞ ገመድ ይያዝልኝ፣ ያኔ እወርዳለሁ አልክ። እኔ ምን እንዳልኩህ አንተ ታውቃለህ፤ ከአንተና ከአላህ በቀር ማንም አልሰማም ነበር። የሰው ሚስት ውሃ ስታጠጣ እኔ የደረቀ ጫት ልልቀም ወይ አልኩ። ጀማል እስኪመጣ ጫቱ ይጠብቅሃል ወይ አልኩ። የቃሲም ልጅ እንኳ ይወርዳል አልኩህ። አየት አደረግከኝና ሽርጥህን አሸርጠህ ሄድክ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ!

ብቻህን፣ ግድግዳው ላይ የተቆፈረውን መርገጫ እየረገጥክ ወረድክ። ሞተሯ ተነሳች፣ ውሃውም መጣ፤ ቱቦው ሲያብጥ በዓይኔ አየሁ። ቁርስህን ይዤ መጣሁና ከአፉ ላይ ሆኜ ጠራሁህ። አንድ ጊዜ ነው የጠራሁህ። አልመለስክም። ሞተሯ እየጮኸች እንዴት ይሰማል፣ ቱቦ እያጠበቀ ይሆናል አልኩና ሳህኑን ድንጋይ ላይ ከድኜ ቦይ ልከፍት ሄድኩ። ውሃው ደስ ብሎኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ቤንዚኗ አልቆ ዝም ስትል፣ አንተም ሳትወጣ ስትቀር ነው የገባኝ።

ጀማል ከጭሮ እንደተመለሰ እርጥብ ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ ወረደ። ራሱ ዞሮበት የሰፈሩ ሰዎች መልሰው ጎተቱት። አንተን በመንጠቆ ነው ያወጡህ። ይበቃል፣ ይህን አልጽፍም።

ከዚያ ወሬው ብዙ ነበር። አንዳንዱ ጉድጓዱ ጂን አለበት አለ፤ ፍየል ታረደ፣ ቁርዓን ተቀራ። ጀማል ግን ምክንያቱን አገኘሁት አለ። ሞተሯ አርጅታ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ነበር፣ ወንድሜን የገደለው ያ ጭስ ነው፤ ከታደሰች ጭስ አይኖርም፣ እኔ እወርዳለሁ አለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ልክ ነው አሉ። አንዱ ብቻ፣ ታድሳ ከምትመለስ ተሸጣ አዲስ ይገዛ፣ አዲስ ጨርሶ አያጨስም አለ። እኔ ዒዳ ላይ ስለነበርኩ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ክርክሩን እሰማለሁ። ይታደስ፣ ይለወጥ፣ ይታደስ፣ ይለወጥ። እኔም ተቀምጬ ያንኑ አወጣና አወርድ ነበር። የማታ የማታ ወደ ጀማል ሐሳብ ልቤ አዘነበለ። መቼም ሰው አያፍርም፣ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላም ጫቱ ያሳስበኝ ነበር።

ዒዳዬን እንደጨረስኩ ባጃጅ ተከራይተን፣ ሞተሯን ከእግራችን ሥር አድርገን ከጀማል ጋር ጭሮ ወረድን። አንተ ሐኪሟ የምትለው ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው የወሰድናት። ሰውየው ስላንተ ሲሰማ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፋቲሃ ቀራልህ። ከዚያ ፈታት። ፋሻዋ፣ የፒስተኗ ቀለበት፣ ተበልቷል፣ ዘይት የምታነደውም ለዚህ ነው አለ። ሲሊንደሯን በቶርኖ አስጠርቤ ፒስተንና ፋሻ ብቀይርላት እንደ ልጃገረድ ትነሳለች፤ አዲስ እንግዛ ካላችሁም ይኸው ገበያው አለ አለን። ጀማል ፊቱ በራ። ስትታደስ አታጨስም አይደል ብሎ ጠየቀ። አታጨስም አለ ሽማግሌው። እንግዲያው ጉድጓድ ብትገባም ሰው አትጎዳም ሲለው ግን ሰውየው መፍቻውን አስቀመጠ።

የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም አለን። የሚገድለው የማይታየው፣ የማይሸተው አየር ነው፤ ከታደሰችውም ይወጣል፣ ከካርቶን ከወጣችው አዲስም ይወጣል። እንዲያውም የምታጨሰው ትሻላለች፣ ዓይን እያቃጠለች ሰው ታባርራለች አለ። ቤንዚን የሚበላ ሞተር ጉድጓድ አይገባም፣ አለቀ። በመብራት የሚሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ካላችሁ ያ ሌላ ነው አለ። መብራት ማሳችን አጠገብ እንዳልደረሰ፣ ሶላሩም የእኛ አቅም እንዳልሆነ ታውቃለህ።

ብታምንም ባታምንም ጀማል ከሐሳቡ አልተመለሰም። ይታደስ፣ ዝም ብላችሁ ሥሩት፣ እኔ ቶሎ አስነስቼ ቶሎ እወጣለሁ አለ። ጫቱ የወንድሜ ላብ ነው፣ የሀናን ጉሮሮ ነው፣ ሲደርቅ ቆሜ አላይም አለ። አንተው ቆመህ የምትናገር ነው የመሰለኝ። አንተም ቶሎ ልትወጣ ነበር የገባኸው። ያን ጊዜ አላስቻለኝም።

«ጀማል፣ ወንድምህ ያን ቀን አንተን ሊጠብቅ ነበር» አልኩት። «ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። አንተን ግን አልልህም።»

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። መካኒኩም ሥራ ያለው መስሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ጀማል ተነሳና መፍቻውን አንስቶ የቀሩትን ብሎኖች አንድ በአንድ እሱ ራሱ ፈታቸው። ለሌላ ሰው እንዳትሸጥ፣ ለመለዋወጫ ብቻ በየአካሏ እንድትሄድ ለሽማግሌው ነግረን ወጣን። እኔ የማስነሻ ገመዷን ብቻ ይዤ መጣሁ። እጅህ የነካው እጀታ አለበት።

ጀማል ከዚያ ወዲህ ሲያናግረኝ መሬት መሬት ያያል። ለሀናን ዱቄት ያመጣል፣ ከበር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። አልቀየመውም። ይቅር ይለኝ ይሆን አላውቅም፤ አንተም ይቅር ብለኸኝ እንደሆን አላውቅም። የታችኛውን ማሳ ጫት ነቅለን ማሽላ ልንዘራ ነው፣ ዝናብ ከሰጠን። ጉድጓዱን በግንድና በድንጋይ ከደንነው።

የመንደሩ ሰው ግን አሁንም ሞተሩን ያወርዳል። ነገርኳቸው፤ አንቺ ሐዘን አናግሮሽ ነው ይሉኛል። አባ ሀናን፣ ሞተር ከላይ ሆኖ ሲጮህና ከመሬት ሥር ሆኖ ሲጮህ ድምፁ አንድ አይደለም። ከሥር ሲሆን ታፍኖ ነው የሚመጣው፤ እግርህ ነው ቀድሞ የሚሰማው። እሱን ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ እሄዳለሁ። ትናንት የቃሲም ልጅ የወረደበት ጉድጓድ ላይ ቆሜ ስሙን ጠራሁ። ዝም አለ። ደግሜ ጠራሁ፣ ጮህኩ፣ አፈር ወረወርኩ። ተናዶ፣ ፊቱ ጥላሸት መስሎ ወጣና ምን ሆንሽ ብሎ ሰደበኝ። ይስደበኝ፣ ወጥቷል። ነገም ከወረደ ነገም እሄዳለሁ። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ሌላ ቃል የምገባልህ የለኝም። ማንንም አንድ ጊዜ ጠርቼ አልመለስም።

የሀናን እናት