ልጅሽ የረሳችው ዜማ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? በሰው አገር የረገጥሽበት ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው ነው።

አደራ የሰጠሽኝን ልጅሽን የክረምቱ የሙዚቃ ካምፕ አስገባኋት። ትንንሾቹ ያለ ወላጅ አይገቡም ስላሉ፣ ከወጣት እናቶች መሃል ሽበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ለእኔም ቫዮሊን ሰጡኝ። ስሞክረው ድምፁ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ሆነና ልጅሽ በሳቅ ፈረሰች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ።

ለመዝጊያው መምህሯ፣ «እናታችሁ ስታስተኛችሁ የምታንጎራጉርላችሁን ትጫወታላችሁ» አለቻቸው። ልጅሽ ያንቺን ረስታዋለች። እኔም በቅጡ አላውቀው፤ ልትተኛ ስትል እየገመትኩ ሳንጎራጉርላት፣ «እማማ፣ እንደሱ አይደለም» ትለኛለች። አንድ ቀን ግን አንዱን ሳንጎራጉር ብድግ ብላ፣ «ይሄ ነው የእናቴ» አለች።

ያንቺ አልነበረም። አንቺን ያሳደግኩበት ነው።

ደስታዋን አይቼ ደጋግሜ አንጎራጎርኩላት። በመዝጊያው ዕለት እሱኑ ተጫወተች፤ አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበላት።

እባክሽ የኔ ልጅ፣ ስትደውይ አትቸኩዪ። ያንቺን ዜማ በስልክ ቀርጸሽ ላኪላት። ፈጣሪ በሕይወት ያገናኘን፤ ስትመጪ መልክሽ ቢጠፋት እንኳ በድምፅሽ ትወቅሽ።

እናትሽ