ስለ ክኒኑና ስለ ዘሀራ ሳል

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ወርቄ፦

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚይዝዎት ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ እንዴት አደረገዎ? አገሩ ሰላም ነው? በቆሎው ደረሰ? ይህን ደብዳቤ ራስዎ እያነበቡት ከሆነ አልሀምዱሊላህ። ሀፊዝ እያነበበልዎ ከሆነ ግን፣ ልጄ ሀፊዝ፣ እዚህ ላይ ቆም በልና በሩን ዝጋ፤ የሚነበበው ለእናትህ ብቻ ነው። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከታች ያዩታል።

በስልክ ልነግርዎ አልቻልኩም። ስልኩ ሲጠራ ዘሀራ አጠገቤ ትቀመጣለች። የጠፋብኝን ስም ከጎኔ ሆና ታቀብለኛለች፤ የምራትዎን ስም፣ የላምዎን ቀለም ሳይቀር። እርስዎ «ዘሀራ ናት እንዴ?» ይላሉ፤ ትስቃላችሁ። እኔም እስቃለሁ። አሁን ሀፊዝ ጭነት ይዞ ኮምቦልቻ ስለገባ፣ ዘሀራ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ ወረቀት አነሳሁ። እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቅናት ያዘኝ። በሌላ ወንድ አይምሰልዎ። የቀናሁት በራሷ በዘሀራ ነው፤ በጭንቅላቷ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ፊርደውስ ናት። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ከገባች ወዲህ የማትሰማው ወሬ የለም። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጥናት ይደረጋል፣ የሚፈልጉት ያልታመሙ አዛውንቶችን ነው አለችን። ዘሀራ «ያልታመመ ሽማግሌ ከየት ሊያመጡ ነው?» ብላ ሳቀች። ሄድን። ጥናቱን የያዘችው ዶክተር ጽናት የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ናት። እንዳስረዳችን፣ አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚሉት ነገር አለ፤ ዕድሜ ሲገፋ እየሳሳ ይሄዳል። እጅ ለሚያንቀጠቅጠው በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ይህን ነገር ከፍ ያደርገዋል። ታዲያ ጤነኛ ሽማግሌ ይህን ክኒን እየዋጠ አእምሮውን ቢያሠለጥን፣ ሥልጠናው ይበልጥ ይጠቅመው ይሆን? ጥያቄያቸው ይሄ ነው። «ሊጠቅምም፣ ላይጠቅምም፣ ሊጎዳም ይችላል፤ ስለማናውቅ ነው የምናጠናው» አለችን። ገሚሱ ሰው እውነተኛውን ክኒን ያገኛል። ገሚሱ ደግሞ መልኩ ከዚያ የማይለይ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን። ለማን የትኛው እንደደረሰ እሷም አታውቅም። ፈረምን።

ፊርደውስ ለመዝናኛ የሄድኩ መስሏታል። እኔ የሄድኩት በአባባ ምክንያት ነው። እርስዎን ሠፈራው ከኩታበር ወስዶ ኢሉባቦር ስለጣለዎ መጨረሻቸውን አላዩም። በሞተው ወንድማችን ስም ይጠሩኝ ነበር። እሱንስ እሺ። አንድ ቀን ራሳቸው የገጠሙትን መንዙማ በዜማ አወረድኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ደስ ይላል፤ የማን ነው?» አሉኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ያ መንዙማ ዛሬ ያለው በእኔ አፍ ብቻ ነው። ተቀባዮቹ የሚያውቁት አዝማቹን ነው፤ አንጓዎቹን የማወርደው እኔ ነኝ። እኔ ከረሳሁ፣ አባባ ሁለተኛ ሞቱ። እንዲህ ነበር የማስበው።

ሥልጠናው ታብሌት ላይ ነው። ሚኒባስ ይዘን የሐረጎን ዳገት እንወጣለን፤ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስተን ደሴ ጉም ውስጥ እንገባለን። ሳጥኖች ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። በበሩበት ተራ መንካት ነው። ቀጥሎ ከኋላ ወደ ፊት። ዘሀራ ምስር እንደምትለቅም ነው፤ ጣቷ አይመለስም። ማሽኑ ያጨበጭብላታል። ለእኔ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። በትህትና። የሚያቃጥለኝ ትህትናው ነው።

ታዲያ ምን ልበል? እውነተኛው ክኒን ለእሷ ደረሳት፣ ባዶው ለእኔ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ክኒኑን ጠዋት ጠዋት የምታቀርበው እሷ ናት። በየስማችን አንዳንድ ብልቃጥ ተሰጥቶናል። ፍሬውን ከሁለት ከፍላ በመዳፏ ታመጣልኛለች፤ ጉሮሮዬ ጠባብ ነውና እንዳያንቀኝ ብላ። የእሷንም እንዲሁ። እኔ ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ። ምን ገባላት? አንድ ቀን ወጣ ስትል ሁለቱንም ብልቃጥ ከፍቼ አሸተትኩ። ከየአንዱ አንድ ፍሬ አውጥቼ በምላሴ ነካሁ። ሁለቱም መራራ። የእሷ ግን መረር ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገሯ ያበሽቀኝ ጀመር። ቁልፉ የት እንዳለ ታውቃለች። የጎረቤት ልጅ የተዳረችበትን ወር ታውቃለች። የዛሬ ስንት ዓመት ያልኳትን ክፉ ቃል፣ ያልኩበትን ቦታ፣ የለበስኩትን ኮት ጭምር ታውቃለች። ሰው ሚስቱ ጤነኛ ስለሆነች ያዝናል? እኔ አዘንኩ። ሱጁድ ላይ ሆኜ ሳይቀር ስለ ብልቃጧ አስብ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ጎረቤቱ ለዱአ የሚሰበሰብበት የሐሙስ ወዳጃ መጣ። ዱአው ተደረገ፤ ድቤው ተመታ። ወንዶቹ በዚህ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። የአባባን ጀመርኩ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር። ስለ ደረቀው ምንጭ የሚለው አንጓ ጋ ስደርስ ዘሀራ ከመጋረጃው ወዲያ ኡህ ኡህ ብላ ሳለች። ይህ ሳሏ የቆየ ነው፤ ወዳጃ ላይ ነው የሚነሳባት። ማርና ዝንጅብል ያልገዛሁላት ዓመት የለም። አሁንም ሳለች። እኔ ጋ ግን ምንም የለም። ምንጩም፣ ውሃውም፣ የመጀመሪያው ቃልም። ድቤው ይመታል። ተቀባዮቹ አዝማቹን ደገሙት፤ ደግመው ደገሙት። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። እንዲህ ነው እንዴ አባባን የያዛቸው?

ያኔ በቀጭን ድምፅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ዘሀራ አንጓውን አነሳችው። ሙሉውን። አንድ ቃል ሳታዛንፍ። እኔ ከመሐሉ ተቀበልኳት፤ ሄደ፣ አለፈ። ሲያልቅ ከሊድ፣ ያ አፈኛው ጎረቤቴ፣ «ኑርሁሴን፣ መጋረጃው ውስጥ ሌላ ሼህ ደብቀሃል እንዴ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «አብሽር» አለኝ ቀጥሎ ጉልበቴን መታ አድርጎ፤ «ለመውሊዱ መንዙማውን ተውፊቅ ያወርዳል፤ አንተ ደግሞ ዕረፍ።» ተውፊቅ ልጁ ነው። ድምፁ ያምራል። የአባባን መንዙማ አያውቅም።

በማግስቱ የደሴ ቀጠሯችን ነበር። ዘሀራ አጠገቤ እንደተቀመጠች ለዶክተር ጽናት «ብልቃጤ ይቀየርልኝ፤ ለእሷ የሚሰጠው ይሰጠኝ» አልኳት። ልጅቱ በትዕግሥት ታስረዳኝ ጀመር፤ አይቻልም፣ እኔም አላውቅም፣ ጥናቱ የሚያምረው ባለማወቃችን ነው። ዘሀራ አላስጨረሰቻትም። «የሱ ብልቃጥ የኔ ብልቃጥ የሚባል የለም፣ ልጄ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሱ ፍሬ ግማሽ፣ ከኔ ፍሬ ግማሽ እያደረግሁ ነው የምንውጠው። አንዱ ባዶ ነው አላልሽንም? ታዲያ ባሌን ባዶ ላጉርሰው? ወይስ እኔ ባዶ ልጉረስ? ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለት ነው የሚሰጠው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ አስለቀስናት ብዬ ደነገጥኩ። ስትገልጠው እየሳቀች ነበር፤ ግን ደስ ያላት ሰው ሳቅ አይደለም። «እማማ፣ መድኃኒት እኮ ጉርሻ አይደለም» አለቻት። ለአንዱ የታሰበ ለሌላው እንደማይሰጥ፣ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ቆጣ ብላ ነገረችን። ዘሀራ አንገቷን ደፋች፤ «አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አለቻት። ዶክተሯ የደም ግፊታችንን ለካች፣ ደህና ናችሁ አለች፣ ብልቃጦቹን ወሰደች። የሁለታችንም ውጤት ከጥናቱ ይወጣል። ሥልጠናውም ቀረ።

ስንመለስ ሐረጎ ጉም ነበር። ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ በልቤ አሰላለሁ። እሷም ግማሽ፣ እኔም ግማሽ። ከዚያው ብልቃጥ፣ ከዚያው መዳፍ። እንግዲያ ክኒኑ አይደለም። ክኒኑ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እትዬ። ባዶ ደርሶብኝ ነው እል ነበር። አሁን ምን እላለሁ?

«አንጓውን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። «ከመጋረጃው ወዲያ አርባ ዓመት ስቀመጥ ምን የምሠራ ይመስልሃል?» አለችኝ። አንድ ቃል ቀድማኝ በልቧ ትሄድ ኖሯል፤ ሁልጊዜ። «እንዳትወድቅ» አለችኝ። «አንጓ ልትዘል ስትል እስል ነበር፤ ትሰማኝና ትመለሳለህ፤ የሐሙስ ዕለት ግን ሁለቴ ስዬ አልመለስ አልክ፤ ምን ላድርግ፣ ድምፄን አወጣሁ።» እንዲህ አለችኝ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

ሳሏ። እኔ ማርና ዝንጅብል የገዛሁለት ሳል።

«ስንት ጊዜ ሳልሽ?» አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ሁሉን የምታስታውሰው ሴት ይህን ረሳሁ አለችኝ፤ እሱንም በአፏ አላለችውም፤ በትከሻዋ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የድሮ መውሊዶቼን በልቤ አንድ በአንድ አነሳለሁ። እዚህ ሳለች? እዚያስ? ሰው «ማሻአላህ፣ ልክ እንደ አባቱ» ያለኝ ዕለት ሳለች? አላውቅም። መርሳቴ ከመቼ እንደጀመረ የምታውቀው እሷ ናት። እኔ የምፈራውን ቀን እሷ ድሮ አይታው፣ ብቻዋን ስትጠብቀኝ ኖራለች።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ቅናቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። የአባባ አንጓ እሷ ጋ አለ፣ እኔ ጋ የለም። እሷ ለማንም ሳታሳይ ይዛዋለች፤ እኔ አደባባይ ላይ ስመሰገንበት ኖሬ ጣልኩት። ቢሆንም ከሊድን ሄጄ «መውሊዱን እኔ ነኝ የማወርደው» አልኩት። «መቀመጫዬን ግን ወደ መጋረጃው ጠጋ አድርጉልኝ።» አየኝ። ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው። «ጠጋ ይደረጋል» አለ።

እርስዎም ዱአ ያድርጉልኝ። አባባ ሲገጥሙት ልጅ ሆነው የሰሙት ካለ፣ አንድ ቃልም ቢሆን፣ በሀፊዝ እጅ ይላኩልኝ። ለዘሀራ አይንገሯት። የእሷ ያልሆነ አንድ ቃል እንኳ ይኑረኝ።

ለልጄ ለሀፊዝ፣ ጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንዳ። ለምራትዎ ለዊዳድ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ስሟን ማንም ሳይነግረኝ ነው የጻፍኩት። ለትንሿ ኩኩ፣ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ፊርደውስ እጅ ትነሳለች። ዘሀራም ሰላም ትላለች፤ ስለ ደብዳቤው ባታውቅም ትላለች።

በመውሊዱ ማግስት ሲደውሉ፣ እንዴት ዋላችሁ ብለው እኔን ይጠይቁኝ። ብዘገይም ይጠብቁኝ። ከጎኔ ሳል ከሰሙ ግን፣ እትዬ፣ አፈር ስሆን፣ እንዳልሰሙ ይሁኑ።

ወንድምዎ ኑርሁሴን
ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.