ለውዳሴ የሠራሁት ካርታ

መስከረም 20
ልብስ አጠብኩ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቀንሷል... ውዳሴን መካኒሳ ትምህርት ቤቷ አደረስኳት። ድሮ መለሎው ወንድሟ ነበር የሚወስዳት። ክብረትን መኪና ገጭቶ ከገደለብኝ ወዲህ እኔ ነኝ። የባሌ እህት ማናዬ፣ ዓይነ ስውር ልጅ ይዞ በታክሲ መንከራተት ምን ይሉታል፣ ቤት ትቀመጥ አለችኝ። ነገም እወስዳታለሁ።

መስከረም 23
አስተማሪዋ ቲቸር ዶርቃ ክፍል አስገባችኝ። አዲስ ሰሌዳ መጥቷል። በክር የተሠራ ካርታ ላዩ ላይ ይደረጋል፤ በጣት ሲነኩት ይናገራል። ውዳሴ ክሩን በጣቷ ተከትላ ሄደች... "ጣና ሐይቅ" አላት። ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።
ታክሲ ውስጥ ጠየቀችኝ።
"እማዬ፣ ክብሬ ያለበትስ ካርታ የለውም?"
የቀብሩ ዕለት እኔ ራሴን ስቼ ነበር። ዘመዶቻችን እሷን ጎረቤት ጋ ትተዋት ሄዱ። አታይ፣ ምን ያደርግላታል ብለው።

መስከረም 26
ፉሪ፣ ክብረት የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄድኩ። በሩን፣ አጥሩን፣ የጽዱን ዛፍ ወረቀት ላይ ሣልኩ። ሥዕል የት አውቄ... ከዚያ ትምህርት ቤት። ቲቸር ዶርቃ ጴንጤ ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ አታውቀውም፤ ግን ክሩን በኮላ አብራኝ ለጠፈች። ሰሌዳው የሚናገረውን ድምፅ እኔው ቀዳሁ። በር። ጽድ። መቃብሩ ላይ ስደርስ ወጥቼ ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ "ክብረት" አልኩ።

ጥቅምት 1
ውዳሴ በየዕረፍቱ ካርታውን ትነካለች አሉ። ማናዬ ሰምታ መጣች።
"ዓለሜ፣ አብደሻል? መቃብር መጫወቻ ይሆናል?"
ለአርባውም ልጅቷ ቤት ትቅር፣ ትደነግጣለች አለች።
"እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም። ተዝካሩን ብቻችሁን ብሉት።"
ተቆጥታ ወጣች። ትቆጣ።

ጥቅምት 5
አርባው ዛሬ ነበር። ውዳሴ ከበሩ ጀምሮ ከፊቴ ሄደች፣ በዘንጓ አጥሩን እየነካች። ጽዱ ጋ ወደ ቀኝ ታጠፈች። የሌላ ሰው መቃብር ብረት አደናቀፋት። እሱን ካርታው ላይ አላደረግኩትም።
"ይሄን አልነገርሽኝም" ብላ አለፈችው።
የክብረት መቃብር አፈር ጋ ተንበረከከች። ከራስጌ እስከ ግርጌ ዳበሰችው።
"ረጅም ነው... እሱ ነው" አለች።
ከዚያ ጮኻ አለቀሰች። እስከ ዛሬ አላለቀሰችም እኮ። ማን አስለቅሷት?
ማናዬ ልታነሳት ጎንበስ አለች። ልብሷ ጭቃ ሆነ፣ ሰው እያየን ነው አለችኝ።
"ይየን" አልኳት።
እኔም ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ከልጄ ጎን ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።