የደጋው ባሕር ዓሣ

አሰፋዬ፣ ዓለሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ መስከረምም ጠባ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅሜ ዘክሬያለሁ። ጠላው ቀጥኖብኝ ነበር። አንተ ብትኖር ውኃ ነው እያልክ ትስቅብኝ እንደነበር እያሰብኩ ለሰዉ ቀዳሁ።

አንተ ሳታየው ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ንጉሡ ወረዱ፤ ቆይቶም አረፉ ተባለ። መካነ ሰላም በዘማች ተማሪ ተሞልታለች። አንዷ እኛ ጓዳ ነው የምትተኛው፣ ቀጭን፣ አፈ ጮሌ ልጅ ናት፤ ስለ መሬት ለአራሹ ስታስረዳኝ ስንቴ ሽሮ አሳረረችብኝ መሰለህ። ዝናቡም ተመልሷል፤ ዘንድሮ ገብሱ ያስደስታል። ይህን ስጽፍልህ ንድድ ይለኛል፤ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢዘንብ ምን ነበረበት? ልጃችን ትዕግሥት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አያቷን ትመስላለች። ለክሊኒኩ በአንተ ቦታ ሌላ ድሬሰር ተልኳል። ደህና ሰው ነው፤ እጁ ግን ይከብዳል፣ መርፌ ሲወጋ ሽማግሌ ያስለቅሳል።

ስምህ ሲነሳ ሰው ዛሬም ሻንጣህን ያነሳል፤ ባሕር ዳር ሠርተህ ስትመለስ ያመጣኸውን፣ በጀርባ የሚታዘለውን የሸራ ሻንጣ። ብርድ ልብስህን፣ በሶህን፣ ጨውህንና መንጠቆህን እሱ ውስጥ ጠቅጥቀህ ዳገቱን ስትያያዘው፣ ወንድ ልጅም ያዝል ጀመር እያሉ ይሳለቁብህ ነበር። ሕፃኑ ጡት ጣለ ወይ ብለው የጠየቁህም አሉ። አንተ እቴ፣ መች ግድ ሰጥቶህ! አስታና ጅባራ ብቻ ከሚበቅልበት ብርድ ላይ ያለው ያ ትንሽ ባሕር ከኔ በላይ ይናፍቅህ ነበር። ልዋሽህ እንዴ፣ ቀንቼበታለሁ።

ዓሣውን እዚያ ማን እንደጨመረው አይታወቅም፤ ድሮ መንገድ ሊቀይሱ የመጡ ፈረንጆች ናቸው ይባላል። ቀጭን ነው፣ ጀርባው ነጠብጣብ፣ ሲይዙት ሙልጭ የሚል። አንተ እዚያው ፍም ላይ ጣል አድርገህ፣ ቆዳውን ከነአመዱ በጣትህ ልጠህ ትበላው ነበር። አንድ ቀን አብረን እንሂድ ስትለኝ ለፋሲካ እልህ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ለመስቀል። እንዲህ እያልኩ አንተ እያለህ እግሬ ሳይረግጠው ቀረ።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ከየአገሩ የተሰደደው ሰው በክሊኒኩ አጥር ሥር ተኛ፤ እናትህም ከገጠር በሰው ተደግፈው ደረሱ። ቤታችን ውስጥ የሚቀመስ አልነበረም። ሻንጣህን አዝለህ ወጣህ። ስትመለስ ሻንጣው ሞልቶ አጉብጦህ ነበር፤ ያን ቀን የሳቀብህ የለም። ዓሣውን እዚያው ጠብሰህ፣ ቆዳውን ልጠህ፣ ጨው ነስንሰህበት ነበር ያመጣኸው።

እናትህ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ቅርፊት አለው ወይ ብለው ጠየቁህ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይበላ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነው፤ እሳቸው ደግሞ የተላጠውን አይተው መለየት አልቻሉም። አንተ የምታውቀው የጣናውን ቅርፊት ነው፣ ጥፍር የሚያህለውን፣ ሲፍቁት እየተፈናጠረ ልብስ ላይ የሚለጠፈውን። አለው ብትላቸው ይበሉ ነበር። ፊትህን አይቼዋለሁ፣ አለው ልትል አፍህን ከፍተህ ነበር። ግን እሳቸውን ዋሽተህ አታውቅም። የለውም አልካቸው።

እሳቸውም አልተቆጡህም። መረቁህና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወሬው አጥር ሥር ላሉትም ደርሶ ብዙዎቹ ሳይነኩት ቀሩ። እኔ ግን ትዕግሥትን አጎረስኳት፣ እኔም በላሁ፤ ኃጢአት ከሆነ እኔው እጠየቅበታለሁ ብዬ። ይኸው እኛ አለን።

እናትህን ቀበርን። አንተም ከዚያ ወዲያ ወደ ባሕሩ አልወጣህም። ከበሽተኞቹ ጋር ስትውል ስታድር ተስቦው ያዘህ፤ እኔኑ አይዞሽ፣ አብሽሪ እያልከኝ ሄድክ። ያልተፈቀደ በልቶ ነው የተቀሰፈው ያሉ ነበሩ።

ዘንድሮ መስቀልን እንዳሳለፍን ወንድምህን ካሣን አስከትዬ ወጣሁ። ሻንጣውን እኔ ልያዝልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ እኔ ሴት ነኝ፣ ማዘል ያምርብኛል አልኩት። ባሕሩ ስትነግረኝ አስበው ከነበረው ያንሳል፣ ውኃው ግን አጥንት ይሰብራል። ካሣ በመንጠቆህ አንድ አወጣ። እሱ እንደ አንተ ፍም ላይ ሊጥለው ሲል ከእጁ ቀማሁት፤ ሳላጸዳ እሳት ላይ ማድረግ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ቢላዬን ከጅራቱ ወደ ራሱ ሽቅብ ሳብኩት።

ቢላው ላይ አንድ ነገር ተለጠፈ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ። ደግሜ ፋቅሁት፣ ደግሞ መጣ። ካሣ ጣቱ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ አየው። ቅርፊት ነው አሰፋዬ። ገላው ሙሉ ቅርፊት ነው። አንተ ሁልጊዜ ከቆዳው ጋር እሳት ውስጥ ስትጥለው ኖረሃል እንጂ ፍቀኸው አታውቅም።

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቢላ አንዴ ብታሳርፍበት ምን ነበር? ወይ እኔ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አብሬህ ብወጣ። እኔ መቼም ሳልፍቅ አልጠብስም ነበር። እናትህ ይበሉ ነበር።

ቅርፊቱን በወረቀት ጠቅልዬ ለነፍስ አባታችን አሳየኋቸው። እያገላበጡ ካዩት በኋላ የተፈቀደ ነበር አሉኝ፤ በእሑዱም ለሰዉ ተናገሩልህ። ያሙህ የነበሩት አፍረዋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምነው ሳላውቀው በቀረሁ የምልበት ቀን ግን ይበዛል።

እኔ እስካለሁ አትረሳም። ትዕግሥት ትንሽ ጠንከር ስትል ወደ ባሕሩ እወስዳታለሁ፣ ዓሣውንም ፍቃ እንድትበላ አስተምራታለሁ። አባትሽ ለእናቱ እውነት ነው ብሎ ያመነውን የተናገረ ሰው ነበር እላታለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን መቃብርህ ላይ ቆሜ አላነበውም። እናትህ አጠገብህ ናቸው፤ እሳቸው ባይሰሙት ይሻላል።