የተበጠሩ እጆች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የአጎቴ ጎሚስታ ቤት ጭር ብሎ ዋለ። አጎቴ ከሚቀመጥበት ትራስ ሥር ትንሽዬ የተነፋ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ሸጎጥኩ። ደንበኛ ፊት ቁጭ ሲል ያወጣው ድምፅ... ደንበኛው በጨዋ ደንብ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «እኔ አይደለሁም» ይላል አጎቴ። ማን ይመነው? ጎማ ማውለቂያውን ይዞ እስከ ማዶ አሯሯጠኝ። «አንተ ቁንጫ!» እያለ። ጥሩ ቀን ነበር።

አመሻሽ ላይ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ የካሜራውን ካርድ ሰጠችኝ። የቅዳሜው ቪዲዮ ነው። ካሜራው የአጎቴ፣ የቀረጽኩት እኔ። እትዬ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ተረት ስትነግር... በእጇ። እሷም ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ሌላ ከተማ ያለ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልጋል። «ለልጆች ተረት ስትነግሪ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኪልን፣ እስከ ጥቅምት 20» ብለዋታል። ሥራው በዚህ ቪዲዮ ይገኛል፣ ወይም ይቀራል።

«ቆርጠህ፣ አሳምረህ ስጠኝ ትልሃለች» አለችኝ እማዬ። የምታስተረጉመው እሷ ናት። እኔ የምችለው «ብላ»፣ «ና»፣ «እማዬ ትጠራሻለች»፣ «አንቺ ጅል»። ለአንድ ቤት ይበቃል መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ድምፅ የለም።

ፋይሎቹን ከካርዱ ጎትቼ ኮምፒውተሩ ላይ ጣልኳቸው። ቪዲዮ መቁረጫው ሶፍትዌር ውስጥ ሳስገባቸው ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፁ ጭጭ። ካሜራው ላይ ግን ልጆቹ ሲስቁ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሁሉም ይሰማል። ታዲያ መንገድ ላይ ማን ሰረቀው? ስፒከሩን በጥፊ መታሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርግ ነበር?

ሲሰለቸኝ እትዬን ጠራኋት። እሷን መጥራት ማለት የክፍሏን መብራት ማብራት ማጥፋት ነው። እየሮጠች መጣች። ምንም አልፈለግኩም። «አንተ ጅል» አለችኝ። ይሄ ገባኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን «ብልጭታ» ነው የምለው፤ ሲያወራ ዓይኑን ያርገበግባል። እኔም ሳወራው አርገበግባለሁ። እስካሁን አልነቃብኝም።

«ፋይሉን ለብቻው ነው የገለበጥከው ወይስ ሙሉ ፎልደሩን?»

«ፋይሉን። ሌላው ኮተት ነው።»

«ኮተቱ እኮ ነው ለሶፍትዌሩ የቱ ከየት እንደሚቀጥል የሚነግረው። ካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ አምጣው።»

እንዳለ አመጣሁት። ቁርጥራጮቹ ተገጣጠሙ። ድምፁ ግን አሁንም የለም። ተናደድኩ... በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ድምፅ ከሌለ እኔ ላውጣለት አልኩ። ማይክ ሰካሁና የእትዬን እጅ በእኔ አፍ አናገርኩት። እጇን ወደ ላይ ስትወረውር፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ኧረ ይሄ የማን ካልሲ ነው?» ጣቷን ስትነቀንቅ፣ «ጋሼ፣ እጠቡት፣ ሰፈሩ አለቀ።» አጎቴ ካሜራውን ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ አሳየሁት። ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። እንባውን ጠረገ። ድገመው አለኝ፣ ደገምኩት።

እትዬ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። እኛን አየች፣ ምስሉን አየች፣ እንደገና እኛን። በእጇ አንድ ነገር አለች። እማዬ ከኋላዋ መጣች።

«እዚያ ላይ ምንድነው የምለው? ትልሃለች።»

ማይኩን ነቀልኩ።

«አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ ትላለች።»

አጎቴ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ ምን ነካኝ... «ብላ» ብዬ በእጄ አሳየኋት፣ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ድርግም ብታደርገው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሰው ሲኮራረፍ አይነጋገርም አይደል? እትዬ ፊቷን ካዞረች ግን በቃ፣ እኔ አፍም የለኝም። ብጮህ አትሰማ። መብራቱን አበራሁ አጠፋሁ። ጀርባዋ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ድምፁ መጣ! ብልጭታ ነው፤ «የካሜራው የድምፅ ዓይነት ለአንተ ሶፍትዌር ባዕድ ነው፣ ወደሚያውቀው ቀይረህ አስገባው» ብሎ መቀየሪያ ፕሮግራም ሰጠኝ። ቀየርኩት። ሳቁ መጣ፣ ወንበሩ መጣ፣ የእኔ ማስነጠስ ሳይቀር መጣ። ወዲያው ቆራረጥኩት። ባዶ ባዶውን አወጣሁ። ሙዚቃ ሁሉ ጨመርኩበት። ይሄ መታረቂያዬ ነው አልኩ።

መብራቱን አብርቼ አጠፋሁ። መጣች፣ እማዬም መጣች። ከፈትኩላቸው። እኔ ጆሮዬን እየጠቆምኩ፣ አውራ ጣቴን እየቀሰርኩ... ድምፁ ተስተካከለ፣ ድምፁ።

እትዬ ጣቴን አየችው። ጆሮዬን አየችው። እማዬ ናት መጀመሪያ የፈነዳችው።

«አንተ መዓተኛ፣ ድምፁን ለማን ነው የምታሰማው?»

ለማን ነው? የምትልክላት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አትሰማ። ልጆቹ አይሰሙ። እሷ አትሰማ። እኔ ሳምንት ሙሉ ከድምፅ ጋር ስታገል። ሙዚቃ ጨመርኩ እኮ። እትዬም ሳቀች፣ ከቅዳሜ ወዲህ ገና ዛሬ። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ምስሉ ላይ እጆቿን ጠቆመች።

«እጄ ተበጥሯል ትላለች» አለች እማዬ።

የምን መበጠር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አሁን አየሁት። ምስሉን ሳቆመው ጣቶቿ በአግድም መስመር ተሰነጣጥቀዋል፣ የማበጠሪያ ጥርስ የገባባቸው ይመስል። ወንበሩ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ንጹሕ ነው። የሚንቀሳቀሰው ብቻ ተበጥሯል። እኔ ሳምንት ሙሉ ስሰማ ነበር፤ አላየሁም ማለት ነው?

«ይሄ ‹ውሻ› ይሁን ‹ምንጣፍ› እኔም ራሴ አልለየሁትም ትላለች» አለች እማዬ።

«እንደገና እንቅረጸዋ» አልኩ።

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ቢመጡስ? ተረቱን አንዴ አይተውታል፣ ሁለተኛ እንደዚያ አይስቁም። አሳሳቃቸው ነው ለሥራው የሚታየው።

ቀጥላ ሌላ ጠየቀችኝ። መጨረሻው የት ገባ?

«ባዶ ነበር እኮ። ዝም ብለሽ ቁጭ ብለሽ ነበር፤ ቆረጥኩት።»

እማዬ ስታስተረጉምላት እትዬ ግንባሯን ያዘች። ምን አጠፋሁ ደግሞ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ብልጭታ ጋ። ዛሬ ዓይኔን አላርገበገብኩም፤ ቀልድ አላሰኘኝም።

«ካሜራህ አንዱን ምስል ለሁለት ከፍሎ ነው የሚይዘው» አለኝ። «መጀመሪያ አንድ መስመር እየዘለለ፣ ቀጥሎ የዘለለውን። በመሃል እጅ ከተንቀሳቀሰ ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም። ለዚያ ነው የሚሰነጠቀው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሴቲንግ ውስጥ ግባና ግማሾቹን ለያይ በለው።»

«የት ጋ ነው?»

«እኔ እንጃ። የእኔ ሶፍትዌር ሌላ ነው።»

ሴቲንጉን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት። አገኘሁት። «የላይኛው መስመር ይቅደም» ወይስ «የታችኛው ይቅደም» ይለኛል። እኔ በምን አውቃለሁ? የታችኛው ተመርጦ ነበር፤ ተውኩት። ጎማም ከታች ነው የሚፈነዳው።

ጥርሱ ጠፋ! ጣቶቿ ጥርት አሉ። መብራት አበራሁ፣ እትዬ መጣች። አየች። ግራ ገባት፣ ከዚያ እኔም ግራ ገባኝ። እጇ ይሄዳል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል...

«እጄ ይንተባተባል ትላለች» አለች እማዬ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እማዬ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። አስተርጓሚ የለም። እትዬ ወንበር ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ችግሩ ይሄ ነው፦ ምስሉን አንድ አንድ እያልኩ ሳሳልፈው እጇ ወደፊት መሄድ ይኑርበት ወይም መመለስ፣ እኔ አላውቅም። ቃሉን ካላወቅኩ የቱ ትክክል እንደሆነ በምን እለያለሁ? ስለዚህ ቃሉን ታሳየኛለች። ቀስ ብላ። ይሄ ውሻ። ይሄ ምንጣፍ። ይሄ መዝለል። እሠራዋለሁ፣ ጣቴን ይዛ ታቃናልኛለች። አንዱን ስሳሳት በጣም ሳቀች፤ ምን እንዳልኩ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ነውር ነገር ሳይሆን አይቀርም። ደጋግሜ አልኩት።

ከዚያ በሁለት ጣት የእጅ አንጓን ቁንጥጥ። ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ስሜ ነው። አጎቴ ቁንጫ ካለኝ ጊዜ ጀምሮ ቤት ውስጥ እሷ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

ምስሉን መለስኩት። ቁንጥጥ። አሳለፍኩት። እንደገና ቁንጥጥ። ተረቱ በሙሉ ቁንጥጥ ነው።

ወደ ራሴ ጠቆምኩ። እኔ?

ትከሻዋን ነቀነቀች። ትስቃለች።

ተረቱ ውሻ ላይ የሚኖር ቁንጫ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሻውን ይነክሳል፣ በጆሮው ገብቶ በጅራቱ ይወጣል። ውሻው የሚሮጠው እኔ ስለነዳሁት ነው ብሎ ያምናል። እና እኔ ይሄንን ነው በካልሲ የለወጥኩት...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

«የላይኛው ይቅደም» አልኩት። በቃ። ይሄው ነበር። ባላንስ እንደተሠራለት ጎማ ሄደ፣ ምንም አይንቀጠቀጥ። ካሜራው ከላይኛው ነበር የሚጀምረው፣ እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ግማሽ አስቀድሜ ሳሳየው ነበር። ጎማና ቪዲዮ ለየቅል ነው ለካ።

የቆረጥኩትን መጨረሻ መለስኩት። ውሻው አንድ ቀን ሌላ ቦታ ይሄዳል። ቁንጫው ምንጣፉ ላይ ይቀራል። እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ ታደርግና በሩን ታያለች። እጅ የለ፣ ቃል የለ። ቅንድቧ ብቻ ከፍ ይላል። ሲስቁ የነበሩት ልጆች ጸጥ ይላሉ፤ አንዷ ዞራ በሩን ታያለች።

እትዬ እዚህ ጋ ስላልተንቀሳቀሰች ማበጠሪያው አልነካውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ንጹሕ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እሱን መርጬ ጣልኩት።

ሙዚቃውን አወጣሁ። የልጆቹን ድምፅም ላጠፋው ስል እጄን ያዘችው። ሳቃቸው ይሰማል? አለችኝ በእጇ። ይሰማል አልኳት። እንዴት ነው? አለችኝ።

እንዴት ነው? ሳቅ በምን ይነገራል? መዳፏን ወስጄ ደረቴ ላይ አደረግኩና እንደ ልጆቹ ሳቅኩላት፤ መጀመሪያ እንደ ትልቁ፣ ከዚያ እንደዚያች ትንፋሿ እንደሚቆራረጠው። ዓይኗን ጨፍና ያዘችው። «አታጥፋው» አለች። ድምፁ እንዳለ ተቀመጠ።

ተላከ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ተቀበሏት። ዳይሬክተሯ «ቁንጫሽን ይዘሽ ነይ» ብላለች። እማዬ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ሻንጣ መፈለግ ጀመረች።

«ቁንጫ እዚህ ይቀራል» አልኩ። በእጄ ነው ያልኩት። እማዬ ለማስተርጎም አፏን ከፍታ ነበር፣ የሚተረጎም እንደሌለ ገባትና ዘጋችው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እትዬ ሄደች።

የአውቶቡሱ መስኮት አይከፈትም። ሸኚው ሁሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይጮሃል፣ ውስጥ ያለው «ምን? ምን?» ይላል። አጎቴም ጮኸ፤ ለማን እንደሚጮህ ትዝ ሲለው አፈረ። እኔና እትዬ ግን ተመቸን። እጅ መስታወት አይከለክለውም። እማዬ ከፊቷ ረጅም ሰውዬ ተገትሮባት አታይም።

«ምን ትላለች?» አለችኝ።

«ስደርስ መልእክት እልካለሁ ትልሻለች። ሰማያዊውን ሻርፕሽን ወስጄዋለሁ ትልሻለች። አትቆጪ ትልሻለች።»

«ሌላስ?»

ሌላው የእኔ ነበር፤ አላስተረጎምኩትም። «ማታ ክፍሌ ግባና መብራት አብራ» ነው ያለችኝ። ምን ማለቷ ነው? ደገመችው፣ እየሳቀች። አውቶቡሱ ሲዞርም ስሜን ስትቆነጥጥ አየኋት።

ቤት ስንገባ መሽቶ ነበር። በክፍሏ በር ሳልፍ እጄ ራሱ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ሄደ። ቀጭ። ምንም። ቀጭ ቀጭ። ምንም። ቀና ብዬ አየሁ። ባዶ ገመድ ተንጠልጥሏል።

አምፖሉን ፈትታ ይዛው ሄዳለች።

ጨለማው ውስጥ ፍራሿ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። «ምን ያስቅሃል አንተ?» ትላለች እማዬ ከወዲያ። ሳቄ ሲያልቅ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በሩን እያየሁ ትንሽ ቆየሁ።

ይሄንን ሳሎን ሆኜ ነው የምጽፈው። እዚያ አይታይም።